ሲጥታው የጠፋ ዕለት

«እታገኘሁ፣ ፒያሳ ከባንኩ ጀርባ ሰው ሞቷል። የነጋዴው የሷሊሕ ቤት ነው። ኤሌክትሪክ ነው ይላሉ። ሂጂና ቶሎ ዝጊልኝ» አለ አዛዡ በስልክ።

ኢንስፔክተር እታገኘሁ ስልኩን ዘጋችው። ጡረታዋ ደርሷል፤ ጉልበቷ ደረጃ ባየ ቁጥር ያቃስታል። ይሄ «ቶሎ ዝጊልኝ» የሚሉት ነገር ግን ከጉልበቷም በላይ ያማት ነበር። ዕድሜ ልክ የሰሙት ቃል እኮ እንደ ቁርጥማት አጥንት ውስጥ ይገባል። ካፖርቷን ደርባ፣ ባጃጅ ይዛ ሄደች። ሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ወር፣ ዓርብ ቀን፣ ጎንደር ነበር፤ ከከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት የተመለሱ ጎረቤቶች ግቢው በር ላይ ቆመው በዝግታ ያወራሉ።

ሟቹ ከግቢው ጥግ ባለች ትንሽ ክፍል ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ በተጠመደ የአውሮፕላን መሪ ላይ ደፍቷል፤ ሁለት እጆቹም በመሪው ሁለት ቀንዶች ላይ ተጭነዋል። ከጎኑ ባለው መከዳ ላይ ቀይ የሱፍ ትራስ አለ።

መሪው የአውሮፕላን ይባል እንጂ አውሮፕላን የለውም። ከኮምፒውተር ጋር ተያይዞ በረራ መለማመጃ ነው፤ ሲገፉት ስክሪኑ ላይ ያለው አውሮፕላን አፍንጫውን ይደፋል፣ ሲስቡት ቀና ይላል። ሷሊሕ በወጣትነቱ ፓይለት ልሁን ብሎ ዓይንህ ደካማ ነው ተብሎ የተመለሰ ሰው ነው። ሰሊጥ ነጋዴ ሆነ። ከንግዱ በተረፈው ሰዓት ግን እዚህች ክፍል ተዘግቶ ከጎንደር ላሊበላ፣ ከላሊበላ አክሱም ይበር ነበር። ጎረቤት ይስቅበታል፤ እሱ እቴ፣ ግድም አልነበረው።

«ይኸው፣ መሪው ላይ ኤሌክትሪክ ያዘው» አለ አንድ ጎረቤት ከበሩ ላይ ሆኖ። «ያ የዩኒቨርሲቲው መምህር ጌትነት ጠዋት ሲፈታታው ነበር አሉ።»

እታገኘሁ የሟቹን መዳፎች ገልብጣ አየች፣ ረጅም ጊዜም አየቻቸው። ከዚያ አስከሬኑ ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ አዘዘች፤ ክፍሉን አሽጋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

ባለቤቱን ሐዲጃን ሳሎን ውስጥ አገኘቻት።

«አላህ ሰብር ይስጥዎ፣ እህቴ። የሰሙት ነገር አለ?»

«ምን እሰማለሁ! ጠዋት ገበያ ነበርኩ። ከምሳ በኋላ እሱ ወደ ክፍሉ ገባ፣ እኔ ከዚህ ጥልፌን ይዤ ቁጭ አልኩ። ግድግዳ ለግድግዳ ነን። አንዴ ወንበር ሲንፏቀቅ ሰማሁ፤ ከዚያ ዝም። የተኛ መሰለኝ። ምነው ገብቼ ባየሁት ኖሮ!»

ልጃቸው ሪሃና ዓይኖቿ አብጠዋል። ከሱቅ ስትመለስ አባቷን ያገኘችው እሷ ናት።

«ሰኞ የፒያሳውን ሱቅ ለገዢ ሊፈርም ነበር» አለች። «እኔን የበረራ ትምህርት ቤት ሊያስገባኝ። ያስተማረኝም እሱ ነው፣ በዚሁ መሪ።»

«እንዴት አድርጎ ነው የሚያስተምር?»

«ግራ እጅ መሪው ላይ፣ ቀኝ እጅ ሁልጊዜ ከጎኑ ባሉት የሞተር ማንሻዎች ላይ። በሁለት እጄ ከያዝኩ ‹አይሱዙ መሰለሽ እንዴ!› እያለ ጣቴን ይመታኝ ነበር» አለችና፣ ሳቅ ሊመጣባት ሲል ለቅሶው ቀደማት።

አብዱልመናን የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ሰሊጡን ከገበሬ የሚሰበስበው፣ ጭኖ የሚያመጣው፣ ሱቁን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው። ፀሐይ ያጠቆረው ፊቱ ላይ ድካም ተጋድሟል።

«ከሳንጃ የመጣሁ ዛሬ ነው፣ አይሱዙውን ራሴ እየነዳሁ» አለ። «ጁምዓ ሰገድኩ፣ ምሳ በላን። ለዐስር ስወጣ በአያ ሷሊሕ ደጃፍ አለፍኩ። ያ መሪው ሲጥ ሲጥ ይላል፤ እየበረረ ነው ብዬ አላስቸገርኩትም። ግቢው በር ላይ ጌትነትን አገኘሁት፣ ሲገባ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እሱን ይጠይቁ።» ቀጥሎም «ሬሳ አይቆይብንም፣ ኢንስፔክተር። ዛሬውኑ መቀበር ነበረበት» አለ።

«አውቃለሁ። ነገ ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት ይደርስላችኋል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። የእውነት አዝና ነው ያለችው።

ጣቢያ ስትመለስ አዛዡ ጌትነትን አስሮ ጠበቃት። የኤሌክትሪክ መምህሩ ጉልበቱን አቅፎ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል።

«ጠዋት ምን ሠራህ?» አለችው አጠገቡ እየተቀመጠች።

«ዮኩን ፈታሁት፤ እነሱ መሪ ይሉታል። ሷሊሕ በራሱ ሥልጣን ዘንጉን ሰሊጥ ዘይት ይቀባዋል። ሰሊጥ ነጋዴ አይደል! ዘይቱ ይደርቃል፣ አቧራ ይይዛል፣ ሙጫ ይሆናል። ስንቴ ነገርኩት! ጠራርጌ አወጣሁና ደረቅ የሲሊኮን ቅባት ቀባሁት፤ ጠረጴዛው ላይ የሚይዙትን ማጥበቂያዎች አጠበቅሁ። ሌላ ምንም አልነካሁም።»

«ኤሌክትሪክ ይገድላል?»

«ከስልክ ቻርጀር የሚበልጥ ኃይል አይወስድም። ዝንብም አይገድል።»

«ከሰዓት ምን ፍለጋ ተመለስክ?»

«ካቻቢቴዬን ረስቼ። አንኳኳሁ፣ መልስ የለም። ተኝቷል ብዬ ሄድኩ።» ጌትነት ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ይህን ዕቃ የመረጥኩለት እኔ ነኝ፣ ያውቃሉ? ከጅዳ ዘመዱ ሊልክለት ሲል ‹ርካሹን ፕላስቲክ ተወው፤ ዘንጉ ብረት የሆነውን፣ አያያዙ የጠበቀውን አስመጣ› ያልኩት እኔ። አሁን መርጦ ገደለው ሊሉኝ ነው። አንዴ ነፍሰ ገዳይ የተባለ መምህር፣ በነፃ ቢለቀቅስ ማን ልጁን ይሰጠዋል?»

እታገኘሁ ትከሻውን ነካ አድርጋ ተነሣች።

በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ ደወለ። «እጁ ላይ የተቃጠለ ነገር የለም። ከንፈሩ ከውስጥ ተሰንጥቋል፤ ጥርሱ መሀል ቀይ የሱፍ ክር አግኝቻለሁ። ታፍኖ ነው የሞተው። አስም ነበረበት፤ ብዙም አልታገለ።»

አዛዡ ይህን ሲሰማ ጭራሽ ቀለለው። «በይ እንግዲያው! ከቸልተኝነት ወደ ነፍስ ግድያ ከፍ አለ። መጨረሻ የገባው ጌትነት ነው። ሰኞ ፍርድ ቤት ይቅረብ።»

«እስከ ዙሁር ስጠኝ» አለችው።

«ደከመሽ እኮ፣ እታገኘሁ።»

«ደክሞኛል። ስለደከመኝ ሰው አላስርም።»

ረፋድ ላይ ሁሉንም እዚያችው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሐዲጃና ሪሃና መከዳው ላይ ተቀመጡ፤ አብዱልመናን በሩን ተደግፎ ቆመ፤ ጌትነት እጁ እንደታሰረ ከፖሊስ ጋር ገባ። ሐዲጃ ቀና ብላም አላየችው። እታገኘሁ ጉልበቷ አላስቆም ቢላት በርጩማ ስባ ተቀመጠች።

«ሷሊሕን ኤሌክትሪክ አልገደለውም» አለች። «በዚያ ቀይ ትራስ ታፍኖ ነው የሞተው።»

ሪሃና አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«የገደለው ሰው ከዚያ በኋላ ሲበር የሞተ እንዲመስል መሪውን አስያዘው። ግን ሁለቱንም እጁን ነው ያስያዘው። ሪሃና፣ አባትሽ በሁለት እጁ ይይዝ ነበር?»

«በጭራሽ!»

«ጌትነት ይህን ያውቃል፤ ዕቃውን የመረጠውም የሚጠግነውም እሱ ነው። ሪሃናም ታውቃለች፤ ጣቷን እየተመታች የተማረችው ነው። እንዲህ የሚያስይዘው የመኪና መሪ እንጂ ሌላ የማያውቅ ሰው ነው።»

«እኔን ለማለት ነው?» አለ አብዱልመናን። «መኪና የሚነዳ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው እንዴ?»

«አይደለም። ይህ ብቻውን ሰው አያሳስርም። እስቲ ትናንት ለዐስር ሲወጡ የሰሙትን ይድገሙልኝ።»

«ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ። መሪው ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። በሕይወት ነበር!»

«ወይዘሮ ሐዲጃ፣ እርስዎስ?»

«እኔ ምንም አልሰማሁም። የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቀዋል እኮ፤ ሲጥ ካለ እየበረረ ነው፣ ዝም ካለ ተኝቷል።»

«እንግዲህ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዋሽታችኋል» አለች እታገኘሁ። «ክፍሉ ከትናንት ጀምሮ ታሽጓል፤ ማንም ዕቃውን አልነካም። ሪሃና፣ ልጄ፣ ጨክኚና ነይ። እንዳስተማረሽ ያዢው። ግፊ። ሳቢ።»

ሪሃና አባቷ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ግራ እጇን መሪው ላይ፣ ቀኟን ማንሻዎቹ ላይ አደረገች። ገፋች። ሳበች። ወደ ግራ አዘነበለች፣ ወደ ቀኝ መለሰች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የሐዲጃ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

«ሲጥ ያለ ነገር የሰማ አለ?» አለች እታገኘሁ። «ሲጥ ሲጥ የሚያሰኘውን የደረቀ ዘይት ጌትነት ትናንት ጠዋት ጠርጎታል። ከዚያ ወዲህ ይህ ዕቃ ድምፅ የለውም። ወይዘሮ ሐዲጃ ገበያ ስለነበሩ ይህን አላወቁም፤ ዝም ማለቱን ሲሰሙ ተኝቷል አሉ፣ የሰሙትን ነገሩኝ። አብዱልመናን፣ አንተ ደግሞ ሳንጃ ነበርክ። ወንድምህ ከሞተ በኋላ ‹በሕይወት ነበር› የሚያሰኝ ነገር ስትፈልግ፣ ስትሰማው የኖርከው ሲጥታ መጣልህ። እጆቹን ስታስይዘው ቀስ ብለህ ነው ያስቀመጥክ። አንዴ ሳብ አድርገኸው ቢሆን ኖሮ ታውቅ ነበር።»

አብዱልመናን ሁሉንም አንድ በአንድ አያቸው። የሚያየው ሰው ሲያጣ በበሩ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ለማፈን አልገባሁም፣ ወላሂ» አለ። «ሳንጃ ፀሐይ ላይ የሰሊጥ አቧራ ስውጥ የኖርኩ እኔ ነኝ፤ እሱ እዚህ ተቀምጦ ይበራል። የአባታችን ሱቅ ነው፣ እኔስ የት ልውደቅ ብዬ ዝቅ ባለ ድምፅ ስለምነው ‹አላህ ያውቃል› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ፤ ኮምፒውተሩን ሊከፍት። ጀርባውን! ዞር ብሎ ቢያየኝ ኖሮ አላደርገውም ነበር።»

«ጌትነትንስ?» አለች እታገኘሁ። «እሱስ መቼ ጀርባውን ሰጠህ?»

ፖሊሱ የጌትነትን እጅ ፈትቶ ሰንሰለቱን ለአብዱልመናን አጠለቀለት። እታገኘሁ ነገሩን በመፍታቷ ደስ የሚላት መስሏት ነበር፤ አላላትም። ሁለት ወንድማማች፣ አንዱ ለቀብር፣ አንዱ ለእስር፤ የተረፋት ይኸው ነው።

ሪሃና ወደ ጌትነት ሄዳ ጉልበቱን ልትይዝ ስትል ብድግ አደረጋት። ሐዲጃ ግን ከመከዳው አልተነሣችም። መሪውን አተኩራ ታያለች።

«ሐሙስ ማታ እኔ ነኝ የነዘነዝኩት» አለች። «ይሄ ሲጥታ ራሴን አዞረው፣ ወይ አስጠፋልኝ ወይ አውጥተህ ጣልልኝ አልኩት። ለካ አስጠፍቶልኝ ነበር። ሳይነግረኝ። ሊያስደስተኝ ፈልጎ ይሆናል። እኔ ደግሞ ዝም ሲል ተኝቷል ብዬ ጥልፌን እወጋለሁ።»

ከመስጊዱ የዙሁር አዛን ተሰማ፤ የጎረቤት ወንዶች ወደ ቀብሩ ለመሄድ ግቢው ውስጥ መሰብሰብ ጀመሩ።

«ዕቃውን ለፍርድ ቤት እወስደዋለሁ» አለች እታገኘሁ በዝግታ። «ሲያልቅ ግን በእጄ አመጣላችኋለሁ። ሪሃና ትለማመድበታለች።»

ሐዲጃ ቀና ብላ፣ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጌትነትን አየችው።

«ጌትነት፣ ወንድሜ» አለችው። «እንደ ድሮው እንዲጮህ ማድረግ ትችላለህ?»

ጌትነት የሰንሰለቱ ምልክት የታተመበትን የእጁን አንጓ አሸት አደረገ።

«ቀላል ነው፣ እትዬ» አላት። «ሰሊጥ ዘይት ይቀቡት።»