ማንገቻ የሌለው ጠመንጃ

ሰውየው የሞተው ጠመንጃዎቹ መሃል ነው። ሌሎቹ ሁሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ አንዱ ብቻ ከሬሳው እግር ሥር ወድቋል። ጥግ ላይ ያለው የእንጨት ሣጥን ክዳኑ ተከፍቶ፣ አንድ የወታደር ብርድ ልብስ ግማሹ ወደ ውጭ ተንጠልጥሏል።

ጎረቤቶቹ ሟቹን «ጋሽ ዝገት» ይሉት ነበር። ከጦር ሜዳ የተመለሱ ወታደሮች ይዘዋቸው የመጡትን አሮጌ ጠመንጃዎች እየገዛ፣ ዝገታቸውን ፍቆ፣ ሰደፋቸውን ወልውሎ ስለሚያስቀምጥ የወጣለት ስም ነው።

«ሲያጸዳ ባርቆበት ነው» አለ በሩ ላይ የቆመው የሰፈሩ ፖሊስ።

ኢንስፔክተሯ ተንበርክካ የሟቹን ግራ መዳፍ ገለበጠችው። መሃሉ ተቃጥሏል። ጠመንጃውን አንስታ መቀባበያውን በግድ ሳበችና ቀለሃውን አወጣች፤ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ከዚያ ማንገቻው የሚታሰርበትን ቀለበት ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየችው። ማንገቻ የለውም። ቀለበቱ ላይ ግን ቀጫጭን ሰማያዊ የሱፍ ክሮች ተይዘው ቀርተዋል።

የሟቹ ሚስት ማድ ቤት ቆማ፣ የታጠበ ሣህን መልሳ ታጥባለች። ዓይኗ ደርቋል።

«ሲያጸዳ ነው ይላሉ» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«የኔ ባል?» ሚስትየዋ ዞረች። «ጠመንጃ እዚህ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው፣ ጥይቱን የምትመታውን መርፌ ነቅሎ ጠርሙስ ውስጥ መክተት ነው። እኔ ቤት ጥርስ ያለው ብረት አያድርም ይላል።»

«የወደቀው ላይ ግን መርፌው አለ።»

«እንግዲያው አላውቀውም፣ እህቴ። እኔ ገበያ ነበርኩ። ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል።»

«ለምንድን ነው ጠመንጃ የሚሰበስበው?»

«እኔስ መቼ ገባኝ! መጀመሪያ መጀመሪያ ወታደር ሲመጣ ጠመንጃውን እንኳ ሳያይ፣ ስለ እህቱ ልጅ ነበር የሚጠይቀው። ዘምቶ ወሬው ጠፍቷል። በኋላ ግን... አሁን ሳስበው፣ መጠየቁን ትቶ ነበር። መግዛቱን ግን አልተወም።»

ግቢው ውስጥ አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ላቡን ይጠርጋል። ከሟቹ ጋር ትናንት ሲጨቃጨቅ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«በጅምላ ሽጥልኝ አልኩት፣ እንደ ውሻ አባረረኝ። አልክድም። ግን ገድዬው ቢሆን ይሄን ሁሉ ጠመንጃ ትቼ ባዶ እጄን እወጣለሁ? ሞኝ እመስላለሁ?»

«እሱን ገና እያየሁ ነው» አለችው ኢንስፔክተሯ።

አጠገቡ በክራንች የቆመው አሥር አለቃ፣ ተመላሾቹን ወታደሮች ከጋሽ ዝገት ጋር የሚያገናኝ ሰው ነው። ጠመንጃውን ስታሳየው «አላውቀውም» አለ። ዓይኑን ግን ከቀለበቱ ላይ መንቀል አልቻለም።

መጨረሻ ወደ ሟቹ እህት ክፍል ገባች። ሹራብ ሠሪ ናት፤ እዚያው ግቢ ውስጥ የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት። ሰው ሁሉ እታለም ይላታል። መሥሪያ ዘንጎቿ ጭኗ ላይ ናቸው፤ እጆቿ ግን ፎጣዋን ደረቷ ላይ አጥብቀው ይዘዋል።

«ተኩስ ሰማሁ፣ ሮጬ ገባሁ፣ ወድቋል። ሌላ አላውቅም፣ ልጄ።»

ከራስጌዋ የደንብ ልብስ የለበሰ ወጣት ፎቶግራፍ ተሰቅሏል።

«ልጅዎ ነው?»

«ልጄ ነው።»

እታለም ዓይኗን ከፎቶግራፉ መልሳ ፎጣዋን ይበልጥ አጥብቃ ያዘች።

ስትወጣ የሰፈሩ ፖሊስ ፈገግ አለ። «እርስዎንም ያዘችዎት? የደንብ ልብስ የለበሰ ካየች አትለቅም። ልጄን አይተኸዋል ትላለች። እኔን እንኳ፣ ጦር ሜዳ ረግጬ የማላውቀውን፣ ባገኘችኝ ቁጥር ትጠይቀኛለች። ተመላሾቹ ወታደሮች ከሚወርዱበት ፌርማታ አትጠፋም እኮ።»

ኢንስፔክተሯ ቆመች። «ዛሬስ ጠየቀችህ?»

ፖሊሱ አሰበ። ፈገግታው ጠፋ። «ዛሬስ... አልጠየቀችኝም።»

«እኔንም አልጠየቀችኝም።»

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሚስትየዋን፣ ነጋዴውን፣ አሥር አለቃውንና እታለምን ጠመንጃዎቹ ያሉበት ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የሚያጸዳ ሰው አፈሙዙን ጨብጦ ወደ ደረቱ አይስብም» ብላ ጀመረች። «መዳፉ የተቃጠለው ሲጎትት ስለነበር ነው። በሰደፉ በኩል ሌላ ሰው ይጎትት ነበር።»

«እኔን እንዳታዪ!» አለ ነጋዴው።

«እርስዎ ጠመንጃውን ትተው ማንገቻውን አይሰርቁም። ከዚህ ቤት የጠፋው እሱ ብቻ ነው፤ የሰማያዊ ሱፍ ቁራጭ። ለማንም አይጠቅምም፤ ለሠራችው ሰው ካልሆነ በቀር።» ወደ ባለክራንቹ ዞረች። «አሥር አለቃ፣ ይሄን ጠመንጃ ያመጡት እርስዎ ነዎት።»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «የእታለም ልጅ ጠመንጃ ነው። የቆዳው ማንገቻ ሲበጠስበት እናቱ የሠራችለትን የአንገት ልብስ ገምዶ አሰረበት። ወንዙን ስንሻገር ተመታ። እኔ ነኝ የቀበርኩት። ጠመንጃውን ለአጎቱ አመጣሁለት። ለእናቱ እኔው እነግራታለሁ፣ አንተ ዝም በል አለኝ። ዛሬ ነገ ሲል ዓመት አለፈ።»

ሚስትየዋ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጋሽ ዝገት ጠመንጃ መግዛት የጀመረው ወታደሮቹን የሚያገኝበት ሰበብ ፈልጎ ነው» አለች ኢንስፔክተሯ። «ወሬውን ሲያገኝ መጠየቁን ተወ። መግዛቱን ቢተው ግን እህቱ ለምን ተውከው ትለዋለች። ስለዚህ መሞቱን የሚያውቀውን ልጅ ፈላጊ መስሎ ኖረ። የሌሎቹን ሁሉ መርፌ ሲነቅል፣ ይሄንን ግን ከፍቶ ማየት እንኳ አቃተው፤ እንደመጣ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ከተተው። ጥይቱን ያጎረሰው ልጁ ራሱ ነው፣ ጦር ሜዳ ላይ። ቀለሃው ምን ያህል ጊዜ እዚያው እንደቆየ ዝገቱ ይናገራል። ዛሬ በሰደፉ በኩል የጎተተችው ሴት ጥይት እንዳለው አታውቅም ነበር፤ በጉተታው መሃል ቃታው ተሳበ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ ለምን ልጄን አይተሽዋል ብለው አልጠየቁኝም?»

እታለም ፎጣዋን ከደረቷ ገለጠች። የተገመደውን ሰማያዊ ሱፍ አወጣችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«በርዶኝ ነበር። ብርድ ልብስ ፈልጌ ነው ሣጥኑን የከፈትኩት» አለች። «የእጄን ሥራ ላላውቀው ነው? ወንድሜ ደርሶ፣ ስጪኝ፣ ተቀመጪና ልንገርሽ አለኝ። እኔ ከየት አመጣኸው እያልኩ ጎተትኩ። እሱም ጎተተ። ከዚያ...» ሱፉን በሁለት እጇ ጨበጠችው። «ያሳደገኝ ወንድሜ እኮ ነው። በጀርባው አዝሎ ያሳደገኝ።»

ነጋዴው ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

«አሥር አለቃ» አለች እታለም፣ «የት ነው የቀበርከው?»

«ወንዙ ዳር፣ እናቴ። ድንጋይ ደርድሬበታለሁ።»

«ጥላ አለው?»

«አለው። ትልቅ ዛፍ አለ።»

ራሷን ነቀነቀች፤ ለመነሣት ሞከረችና ተመልሳ ተቀመጠች። የሟቹ ሚስት ከወንበሯ ብድግ ስትል ፖሊሱ መሃል ሊገባ ተጠጋ። ሴትዮዋ ግን በክንዷ ገፋ አድርጋው አለፈችና እታለምን በብብቷ ሥር ደግፋ አነሣቻት።

«ተዪኝ፣ እኔ እኮ ባልሽን...»

«አውቃለሁ። ቀስ ብለሽ ርገጪ።»

«ጣቢያ ነው የሚወስዱኝ።»

«አብሬሽ እሄዳለሁ። እኔስ ካንቺ ሌላ ማን ቀረኝ?»

ኢንስፔክተሯ የመኪናውን የኋላ በር ራሷ ከፈተችላቸው። ጎን ለጎን ተቀመጡ። መኪናው ከግቢው ሲወጣ፣ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኗ የደረቀው ሚስት ድምፅዋን አውጥታ ማልቀስ ጀመረች። እንባዋን የጠረገችላት እታለም ናት።