ጨው የበዛበት ማክሰኞ

በ1995 ዓ.ም. የሁዳዴ ጾም፣ በምኩራብ ሳምንት፣ ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ደጀን ከተማ ባለው የየብርጓል ምግብ ቤት በዐሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡ ጨው በዛበት።

የአባይን በረሃ ወጥቶ የሚደርስ መንገደኛ ሁሉ ለዚያ ቤት የሽምብራ አሣ ሲል ይቆማል። የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ በአሣ ቅርጽ ይቆረጣል፤ በዘይት ይጠበስና ቀይ ወጥ ውስጥ ይገባል። የዚያን ዕለት የመጀመሪያው በላተኛ የጎረሰውን መልሶ ተፋው። ሁለተኛው ውሃ ጠየቀ። ከቅዳሴ ገና የተመለሰችው የብርጓል ነጠላዋን ሳታወልቅ፣ «ይኼ ሰውዬ ዛሬ ምን ነክቶታል?» እያለች አለበልን ልትቆጣ ወደ ጓሮ ወጣች።

አለበል የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ነው። የስኳር ሕመም ስላለበት ነፍስ አባቱ ቀን እንዲበላ ፈቅደውለታል፤ ስለዚህም የቤቱ ጨው ቀማሽ እሱ ነበር። ጿሚ ባለሙያ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ወጥ አትቀምስም። የብርጓል ወጡን ያለ ጨው ታወጣና አንድ ሳህን ደቃቅ ጨው ከጎኑ አኑራ፣ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ቅዳሴ ትሄዳለች። አለበል እየቀመሰ ይጨምራል፤ የተረፈውን ይመልሳል።

እንጨት ማከማቻው ውስጥ በደረቱ ተደፍቶ አገኘችው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል፤ የበርበሬው ዘነዘና ደምና ፀጉር ተጣብቆበት ከጎኑ ተጋድሟል። አንድ ምት በበቃው ነበር። የመታው ሰው ግን አምስቴ መትቷል።

ኢንስፔክተር ማሬ በማግስቱ ረፋድ ከደብረ ማርቆስ ስትደርስ የምግብ ቤቱ ረዳት እየሩስ ጣቢያ ውስጥ የሁለት ወር ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። ግራ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል፤ ከንፈሯ ተተርትሯል።

«ማን መታሽ?»

«ምስጋናው። የአያ አለበል የእኅት ልጅ ነው።»

«ለምን?»

«ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ስለነበርኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ወፍጮ ቤት ሄጄ ሰባት ሰዓት ሲሆን ተመለስኩ። አያ አለበልን ሳጣው የተኛ መሰለኝ፤ ሊጤን ሳቦካ ቆየሁ።»

«ወጡን ቀምሰሻል?»

«እሱ እያለ ማን ድስት ይነካል? እኔም የማጠባ ነኝ፤ ቀን እበላለሁ። እሱ ግን ‹የአንቺ ምላስ ገና አራስ ነው› ይለኝ ነበር።» ፈገግ ልትል ስትሞክር ከንፈሯ ደማ።

ምስጋናው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከጣቢያው ደጅ ቆሞ፣ አይበሉባው በቡጢ ተልጦ፣ ማሬን ጠበቃት።

«ቶሎ ይጨርሱ፣ ኢንስፔክተር። ሕግ ቢለቃት እኔ አልለቃትም። የአጎቴን ደም የምመልስ እኔ ነኝ።»

«ማክሰኞ ቀን አንተ የት ነበርክ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ከማዶ ምሳዬን በላሁ። ከዚያ መኪናዬ ውስጥ ተኛሁ።»

«በጾም?»

«መንገድ ጾም የለውም።»

«ተኝተህ ያየህ አለ?»

«ሳንኮራፋ የሰማኝ ካለ ይጠይቁ።»

ማሬ አልሳቀችም። ዛሬ አንድ ስም ይዛ ካልወጣች ያች ልጅ ወይ በእስር ቤት ወይ በዚህ ሰው እጅ እንደምትጠፋ ተረድታለች።

ወጥ ቤቱ ከትናንት ጀምሮ ተቆልፎ ነበር። ድስቱ እንደተከደነ ነው፤ የጨው ሳህኑ ግን ጥርግ ብሎ ባዶ ሆኗል። የጎረቤቱን ባለ ሥጋ ቤት፣ እንዳላማውን፣ እዚያው አስጠራችው። ሁዳዴ ሲገባ ሥጋ ቤቱን ዘግቶ ለየብርጓል እንጨት የሚፈልጥ፣ ትከሻው የሰፋ፣ ቃሉ የተቆጠበ ሰው ነው።

«ሰባት ሰዓት ላይ እንጨት ላስገባ መጣሁ» አለ። «አያ አለበል ድስቱ አጠገብ ነበር። ቀመሰ፤ ጨው ጨመረ፤ እንደገና ቀመሰ። ‹አሁን ተስተካከለ› አለኝ። ትቼው ወደ መናኸሪያ ሄድኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እዚያ ነበርኩ፤ ያላየኝ የለም።»

ማሬ ክዳኑን አንሥታ ጣቷን መረቁ ውስጥ ነከረችና ቀመሰች። እንዳላማው ፊቱን አዞረ።

«ምነው?»

«ገና አምስት ሰዓት አልሞላም።»

«ሥራ ነው።»

«የእርስዎ ጉዳይ ነው። እኔን ቢሰቅሉኝ ዘጠኝ ሳይሞላ የጨው ቅንጣት አፌ አይገባም። ትናንት እንኳ በዚያ ሁሉ ትርምስ ውሃ አልቀመስኩም።»

ምላሷ እየተቃጠለ፣ «የት ነው ያደግከው?» አለችው።

«አምበር።»

«አባትህ አሉ?»

«ልጅ ሳለሁ ሞተ።»

«በምን?»

«በሞት።»

ማሬ ወፍጮ ቤቱ ደርሳ መጣች። ወደ አምበር ስልክ ደወለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም በምግብ ቤቱ አዳራሽ ሰበሰበች፤ የብርጓልን፣ እየሩስን፣ ምስጋናውን፣ እንዳላማውንና የሰፈሩን ሽማግሌ መሪጌታ ገብረ ኪዳንን። ድስቱን ከመካከላቸው አስቀመጠች።

«ወይዘሮ የብርጓል፣ አለበል ጨው ስቶ ያውቃል?»

«አንድም ቀን።»

«ሳህኑን ጨርሶስ?»

«እኩሌታውን እንኳ አይጨምርም።»

«እንግዲያው ጨዉን የገለበጠው አለበል አይደለም» አለች ማሬ። «ወጡ ጨው ባይኖረው አለበል ድስቱ ዘንድ ሳይደርስ እንደሞተ ይታወቅ ነበር። ስለዚህ የገደለው ሰው አለበል ቀምሶ የሄደ ማስመሰል ነበረበት። ሳህኑ ልኩ መስሎት ሁሉንም ገለበጠው።»

«እሷ ናታ» አለ ምስጋናው።

«ከአምስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ ያዩዋት ብዙ ናቸው። አለበል እስከ ሰባት ሰዓት በሕይወት ነበረ መባሉ እሷን ይጎዳል እንጂ አይጠቅማትም። ደግሞም እሷ ቀን ትበላለች፤ ጣቷን ነክራ ልኩን ባወቀች ነበር። አንተም ምሳህን በልተሃል፤ መቅመስ አትፈራም። ሳይቀምስ ጨው የጨመረው ሰው ጿሚ ነው። ሰው መግደል ያልከበደው እጅ ዘጠኝ ሳይሞላ ወጥ ወደ አፉ ማድረስ ከበደው።»

«ደጀን ሙሉ ጿሚ ነው» አለ እንዳላማው።

«ነው። አለበል ሰባት ሰዓት ላይ ቀምሶ ‹ተስተካከለ› ሲል ሰማሁ ያልከኝ ግን አንተ ብቻ ነህ። ከዚህ ድስት የቀመሰ ሰው ተስተካከለ አይልም። የብርጓል ከሄደች በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ገደልከው። ከዚያ መናኸሪያ ሄደህ ለሰው ሁሉ ታየህ።»

«እኔ ከእሱ ጋር ምን አለኝ?»

«ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አለበል አምበር ላይ በድንበር ጠብ አንድ ገበሬ ገደለ። ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን አስማሉ፤ ደሙ ደረቀ ተባለ። መሐላ የሰበረ ዘመዶቹን ሁሉ ያዋርዳልና ከሟቹ ወገን ማንም በግልጽ ሊገድለው አልቻለም። የሟቹ ልጅ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ስሙም እንዳላማው ነው።»

የብርጓል እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ደሙን ሽማግሌ አደረቀው» አለ እንዳላማው። «እኔን ማን ጠየቀኝ? እጄን ይዘው አባቴን የገደለውን ሰው አሳሙኝ። ጢሙ እስከ ዛሬ ከንፈሬ ላይ አለ። ሁለት ዓመት እንጨት ስፈልጥለት አላወቀኝም። ማክሰኞ ማንነቴን ነገርኩት። ‹የትኛው ልጅ?› አለኝ።»

ከወገቡ ቢላዋ መዝዞ ወደ ማሬ ሲሰነዝር ማንም በቅጡ አላየውም። እሷ በክንዷ መከተችው፤ ስለቱ ከክርን እስከ አንጓዋ ቀደደው። በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ በጠመንጃው ሰደፍ መንጋጋውን ሲመታው ጥርሶቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ምስጋናው በወደቀው ሰው ላይ ዘሎ ጎኑን በጫማው ይረግጠው ጀመር፤ አጥንት ሲሰበር ተሰማ። አንገቱን አንቀው ነበር ምስጋናውን ያላቀቁት።

እንዳላማውን ጎትተው ከወሰዱት በኋላ ማሬ ክንዷን በነጠላ አስራ ተቀመጠች። ምስጋናው ወደ ደጅ ወጥቶ አንድ ትልቅ ድንጋይ ይዞ ተመለሰ። ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ ከእየሩስ እግር ሥር ተንበረከከ።

«ስለ እግዚአብሔር» አለ።

«ማሪው፣ ልጄ» አሉ መሪጌታ ገብረ ኪዳን። «ሐዘን አሳውሮት ነው። ነገ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ በወጉ ያልቃል።»

«ቤትሽም ቤትሽ ነው» አለች የብርጓል። «በእኛው ይለቅ።»

እየሩስ ሕፃኗን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። በአንድ ዓይኗ ድንጋዩን፣ ከዚያም ሽማግሌውን አየች።

«ኢንስፔክተር፣ ቃሌን ይጻፉልኝ» አለች። «ምስጋናውን እከሳለሁ።»