የአው ሙመድ የመጨረሻ ቃል

ሽማግሌው አው ሙመድ ከዚራ ሰፈር ካለው አሮጌ ቪላ ሳሎን፣ በባቡር ሠራተኞች የቆዩ ፎቶዎች መሀል በግንባራቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸውን የመታቸው የሐዲድ ቁራጭ አጠገባቸው ወድቋል። ዩኒቨርሲቲው የድሬዳዋን የኑሮ ታሪክ ለቤተ መጻሕፍቱ የሚያሰባስበው በዚህ ቪላ ነው፤ ሽማግሌዎች እየመጡ ያወራሉ፣ ወሬያቸው በቴፕ ይቀዳል።

የፖሊስ መርማሪዋ ሸዋገነት ስትደርስ ፍርዱ አልቆ ጠበቃት። አብዮት ጥበቃዎች ሻይ ሻጯን ፋርቱንን አስረው መኪና ይጠብቃሉ። ያ መኪና የወሰደው ሰው ተመልሶ አያውቅም።

«ባሌን ጠቁሞ አስገደለው፤ ደሙን እጠጣለሁ ብያለሁ፣ አልክድም» አለች ፋርቱን። «ግን ወላሂ አልነካሁትም! ሻዩን አድርሼ ወጣሁ።»

«አፍሽ ነው ያሳሰረሽ።»

«ያንቺስ አፍ መች ያንሳል፣ አቦ!»

ሸዋገነት ሳቋን ዋጠች። ዘበኛው ነጋ በር ላይ ሆኖ ምንም አልሰማም። ሰማሁ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፦ በቅርቡ ከአዲስ አበባ የመጣው፣ ሽማግሌዎቹን እየጠየቀ የሚቀዳው የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ አለምብርሃን።

«እስቲ ድገምልኝ፣ ጓድ።»

«ጓዳ ሆኜ ‹ወርያ ፋርቱን! ተይ አትግደይኝ!› ሲሉ ሰማሁ።»

«ወርያ ነው ያሉት?»

«በጆሮዬ! የመጨረሻ ቃላቸው እኮ ነው።»

ሸዋገነት ሳሎኑን ዘግታ የአው ሙመድን ቴፕ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ድሬ ላይ ወርያ የሚባለው ወንድ ነው፤ ሴት ነያ ነው የምትባለው። አው ሙመድ እዚህ ተወልደው እዚህ ያረጁ ሰው ናቸው። ነፍሳቸው ልትወጣ ስትል እንኳ ፋርቱንን ወርያ አይሏትም። ቃሉን የፈጠርከው አንተ ነህ።»

ነጋን ሳቅ አመለጠው። «እኔን ወርያ ብለው ሲጠሩኝ ሰምቶ ለሁሉም መስሎት!»

«ምላሴ ቢሳሳት ገዳይ ያደርገኛል?» አለ አለምብርሃን።

«ውሸታም ያደርግሃል። ገዳይነትህን የነገረኝ ቴፑ ነው። ሽማግሌው ቤታቸው የተደበቀ ተማሪ እንዴት እንደጠቆሙ እየፎከሩ ያወራሉ። አንተ ‹ልጁ ግራኝ ነበር?› ብለህ ጠየቅህ። ስለ እጁ ትንፍሽ አላሉም፤ ማን ነገረህ?»

አለምብርሃን አቀረቀረ።

«ወንድሜ ነው። ያስገደለውን ስፈልግ ነው በታሪክ ስም ከተማ ለከተማ የዞርኩት። አይቆጨኝም።»

«ቴፑን ለምን አላጠፋኸውም?»

«ስለ ወንድሜ የቀረኝ ወሬ እሱ ብቻ ነው።»

«የፋርቱንስ አይቆጭህም?»

ፋርቱን ገመዱ ሲፈታላት የእጇን አንጓ እያሸች ፊቱ ድረስ ሄደች።

«ብትነግረኝ በሩን እኔ እይዝልህ ነበር» አለችው። «አንተ ግን ጠቆምከኝ።»