ከአራተኛው ፎቅ የተመለሰልኝ ምት

ፈሪ ነኝ፣ አልክድም፣ ግን የምፈራው የሚታየውን ነው፣ ባጃጅ፣ እሳት፣ የሚያንሸራትት ጭቃ፣ መንፈስ አየሁ የሚለኝን ሰው «እንቅልፍ አጥተህ ነው» ብዬ የምሸኝ ሴት ነኝ፣ ዛሬም አልተለወጥኩም፣ ይቺን አንዷን ብቻ እንደሆነችው ልንገራችሁ።

ቦንጋ ፎቅ በሚሠራበት ግቢ ለሠራተኞቹ ሻይና ቆጮ አቀርባለሁ፣ ልጄ አስቴር እዚያው የቀን ሠራተኛ ነበረች። ሲሚንቶ ወደ ላይ የሚያወጣው ዊንች ሞተሩ ስለሚጮህ የሚነጋገሩት ከታች እስከ አራተኛ ፎቅ የቆመውን የብረት ቱቦ እየመቱ ነው፣ አንድ ምት ቁም፣ ሁለት ምት አውጣ። ዊንቹ በሚጎትተው የዕቃ ሳጥን ሰው መውጣት ክልክል ነው፣ ደረጃው ስለሚታክት ግን ሁሉም ይወጣበታል። ልጄ በወጣች ቁጥር እኔ «ቁም» እያልኩ ስመታ ዊንቹን የሚያንቀሳቅሰው ወልዴ መረረውና «ከላይ ያለ ሰው መልሶ ካልመታ የእትዬን ምት አልሰማም» ብሎ ደንብ አወጣብኝ።

ያን ቀን ጠዋት ጉሙ አልተነሳም፣ ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ መጥቶ ሁሉም ለማራገፍ ወርዷል፣ ላይ አንድም ሰው የለም። አስቴር ሳጥኑ ላይ ቆመች።

«አስቱ፣ በደረጃ ውጪ!»

«እማ ደግሞ! ይልቅ ሻይሽ ገነፈለ!»

ሁሉም ሳቁብኝ። ሳጥኑ ከራሴ በላይ ከፍ እንዳለ ገመዱ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፣ ድንጋይ አንስቼ ቱቦውን አንዴ መታሁ፣ ወልዴ ዞር ብሎም አላየኝ። ከዚያ፣ እመኑኝ፣ ከላይ አንድ ምት ጥርት ብሎ ተመለሰ፣ ወልዴም አቆመ። ወዲያው ላይ ገመዱን የተሸከመው የዊንቹ ራስ ከታሰረበት እንጨት ጋር ተነቅሎ ወረደ፣ ልጄም ከነሳጥኑ አሸዋው ላይ ወደቀች፣ እግሯ ተሰበረ፣ ከአራተኛ ፎቅ ቢሆን ኖሮ ግን ቀብሯ ላይ ነበርን።

ሁለት ሰዎች በደረጃው ሮጠው ፎቁን ሁሉ አዩ፣ ማንም የለም። ወልዴ «የራስሽ ምት ነው በብረቱ ዞሮ የመጣው፣ እትዬ» አለኝ፣ እኔም ይሁን ብዬ ተቀበልኩ።

ሆስፒታል እግሯ በጀሶ ከታሰረ በኋላ ነው ልጄ እጄን ይዛ የጠየቀችኝ።

«እማ፣ እንዴት ቀደምሽኝ?»

«የት?»

«አራተኛ ፎቅ ጫፍ ላይ ነዋ። ጉሙ ገለጥ ሲል ድንጋዩን ይዘሽ ቱቦውን ስትመቺ አየሁሽ እኮ። ግን ስጠራሽ ለምን ፊትሽን አዞርሽብኝ?»

ግንባሯን ዳብሼ ብርድ ልብሱን አለበስኳት።

አሁን ድና ትራመዳለች፣ መሬት ላይ የሚሠራ ሥራም አግኝታለች። ብቻ ቤት ውስጥ ስጠራት እንደ ድሮው ከጓዳ ሆና አትመልስልኝም፣ መጀመሪያ መጥታ ፊቴን ታያለች፣ ከዚያ ነው «አቤት እማ» የምትለው።