የተባራሪ ተራ

«ስለዚህ ይህ ጌም አብዮታዊ ነው» አለ ደርበው ከሰሌዳው ፊት ቆሞ። «አብዮታዊ» ሲል ደረቱን ነፋ አደረገ።

ናርዶስ ከኋላ ወንበር ሆና ከንፈሯን አጣመመች። ይህ ልጅ ቃሉን ከታሪክ መጽሐፍ አንስቶ ያገኘው ነገር ላይ ሁሉ ይለጥፈዋል። ባለፈው ሰሞን የአዲሱ ጫማው ሶል አብዮታዊ ነበር፤ ከዚያ በፊት ደግሞ የካፌው ሳምቡሳ።

የአይሲቲ ክበቡ የተሰበሰበው ዳንግላ ላይ ለሚደረገው የትምህርት ቤቶች ክርክር ተናጋሪ ለመምረጥ ነው። ርዕሱ «የተኩስ ጌምን በእውነት አብዮታዊ የሚያደርገው ምንድን ነው?» የሚል ነው። ተጫዋቹ በተኳሹ ዓይን የሚያይበት፣ ከስክሪኑ ግርጌ ጠመንጃው ብቻ ብቅ የሚልበትን ዓይነት ጌም ማለታቸው ነው። መምህር ሽመክት ርዕሱን አልወደዱትም ነበር፤ ተማሪው በድምፅ ብልጫ ሲያሸንፋቸው ግን ምን ያድርጉ።

«አንደኛ ግራፊክሱ» አለ ደርበው። «የወታደሩ ላብ ሳይቀር ይታያል። ከዚያ የመሣሪያው ብዛት። ከዚያ ደግሞ ደሙ፣ ቁርጥ እውነተኛ ደም ነው የሚመስለው።»

ላብ ለማየትማ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ይበቃል፣ አለች ናርዶስ በሆዷ። መሣሪያ መደርደር አብዮት ከሆነ ባለ ጫማ ሱቁም በየጠዋቱ አብዮት ያካሂዳል። ናርዶስ ሰው ሳያውቅ ስለ ጌም ሲያወራ መስማት አትችልም፤ በአክስቷ በምህረቴ ጌም ቤት ደንበኛ በሌለ ሰዓት ጆይስቲክ ስትይዝ ነው ያደገችው። የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ በእሷ ተሸንፈው «ጆይስቲኩ ተበላሽቷል» እያሉ ሲወጡ አይታለች።

«ዝም ብዬ አይደለም የምለው» ቀጠለ ደርበው። «ይህን ጌም እስከ መጨረሻው ተጫውቼዋለሁ። በናርዶስ አክስት ጌም ቤት፣ ከራሷ ጋር። አይደል ናርዶስ?»

ክፍሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞረ።

ውሸት ነው። የአክስቷ አሮጌ ማሽን ያንን ጌም አይከፍተውም። ሁለቱ ያዩት ቪዲዮውን ነው፣ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ፣ ዴስክ ሥር፣ በእሷ ስልክ፣ ድምፁን ዘግተው። ደርበው ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም። በክረምት የእንጅባራ ዝናብ ሲወርድ ጃንጥላውን ለእሷ ሰጥቶ ራሱ በስብሶ የሚሄድ ልጅ ነው። አንድ «አዎ» ብቻ ነው የጠየቃት። እሷ ግን ያንን ደረት መንፋቱን ልትታገሠው አልቻለችም።

«የአክስቴ ማሽን ያንን ጌም አያነሳም» አለች። «ቪዲዮ ነው ያየነው። ያውም ድምፁን ዘግተን።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። «ፎገረን እኮ» አለ አንዱ ከመስኮቱ በኩል። ሳቁ ጋብ ሲል ደርበው በያዘው ቾክ ወደ እሷ ጠቆመ።

«እሺ፣ አንቺ ንገሪና። ምንድን ነው አብዮታዊ የሚያደርገው?»

«አንተ ካልከው ሁሉ ውጭ ያለው።»

እንደገና ተሳቀ። ደርበው ግን አልተቀመጠም። «እሱ መልስ አይደለም። ሁሌ እዚያ ኋላ ተቀምጠሽ ሙድ ትይዢያለሽ። አንድ ቀን እዚህ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

መምህር ሽመክት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ደርበው፣ በውሸት ዳንግላ አልልክህም፤ ተቀመጥ። ናርዶስ፣ አንቺስ? ሌላ የሚያቀርብ ከሌለ ክበቡ ዘንድሮ ከክርክሩ ይቀራል።»

ሐሳብስ ነበራት። ያገኘችው ግን ጌም ቤት አይደለም፤ ጉግስ ሜዳ ላይ ነው። አባቷ አቶ እንግዳው የፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው። በጉግስ አንዱ ወገን እያባረረ ዘንግ ይወረውራል፣ ሌላው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይሸሻል፤ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። አባቷ የሚያባርረውን ፈረሰኛ ለማድነቅ አይቸኩሉም። «ቆይ፣ ሲባረር ልየው» ይላሉ።

አቶ ወርቅአየሁ የሚባሉ ጎረቤት አሏቸው። ሲያባርሩ ከሁሉ ፊት ናቸው፤ የመባረር ተራቸው ሲደርስ «ኮርቻው ላልቷል» ብለው ይወርዳሉ። ኮርቻው ላልቶ አያውቅም። ናርዶስ ድምፃቸውን እያስመሰለች ለደርበው ስታወራለት ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ስቀዋል።

«ቲቸር፣ ዛሬ እንኳ አልተዘጋጀሁም...» ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ እንዳለ አወቀችው። የአቶ ወርቅአየሁ ኮርቻ ነው። በጣም አፈረች፤ በሰው ላይ ስትወረውረው የኖረችው ንቀት ዞሮ እሷው ላይ አረፈ። ከወንበሯ ተነሣች። ሰሌዳው ጋ ደርሳ ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች።

«ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰው ጠላት ሞኝ ነው» ብላ ጀመረች። «ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፣ ትተኩሳላችሁ፣ ይወድቃል። ደሙ ቢያምር ባያምር፣ መሣሪያው ቢበዛ ባይበዛ ያው ነው። አብዮቱ የመጣው በኮምፒውተሩ ፈንታ ከወዲያ በኩል ሌላ ተጫዋች፣ ሰው የተቀመጠ ቀን ይመስለኛል። እንደናንተ የሚያስብ፣ የሚደበቅ፣ የሚናደድ ሰው። ያን ጊዜ አባራሪ ብቻ ሆኖ መኖር ቀረ። የመባረር ተራ ይደርሳል። ከዚያ ወዲህ የመጣው ለእኔ ቀለም መቀባት ነው።»

አንድ ሁለት ልጆች ተያዩ። አንዱ «ይሄን ያህል?» ብሎ አጉረመረመ። ያጨበጨበ የለም። ደርበው ግን ከፊተኛው ወንበር እጁን አወጣ። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም፤ ጥያቄው እንደማይምራት ታውቃለች፤ ሊምራትም አይገባም።

መምህር ሽመክት ሰዓታቸውን አዩ። «ጥሩ ነው፤ አንቺ ትሄጃለሽ። ሰዓት ስላለቀ ጥያቄው ይቅር።»

ልጆቹ ቦርሳቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። ደርበው እጁን ቀስ ብሎ ሊያወርድ ነው።

«አይቅር፣ ቲቸር» አለች ናርዶስ። ጀርባዋን ከሰሌዳው አላቀቀችና ወደ ደርበው ዞረች።

«ጠይቀኝ።»