ሦስተኛውን ምት የሚጠብቀው መዶሻ

እኔ መካኒክ ነኝ። ድምፅ ስሰማ ወይ ኩሽኔታ አልቋል፣ ወይ ብሎን ላልቷል፣ ሌላ ነገር አይታየኝም። ባህር ዳር ያለው ጋራዤ ድረስ መጥተው "መኪናዬ መንፈስ አለበት" ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፣ እመኑኝ፣ መንፈሱን በአሥራ ሰባት ቁጥር ቁልፍ አውጥቼላቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ፣ ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ እያፈርኩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ የአባቴ ዓይን እየደከመ መጣና ሐኪሙ ብርሃናቸው ከዓመት እንደማያልፍ ነገራቸው፣ እኔ እንባዬን ስታገል እሳቸው ረጋ ብለው "እንግዲያው ሳይጨልምብኝ ደብረ ታቦርን አሳየኝ" አሉ። ገረመኝ። የተወለዱት በዚያ በኩል መሆኑን ባውቅም እኔ ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ስሟን አንስተው አያውቁም፣ ስለ አባታቸው ስንጠይቃቸውም "ገበሬ ነበር" ብለው ወሬውን ይዘጉታል። ዕድሜ ልካቸውን የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበሩ፣ እኔ ጋራዥ ስገባ ደግሞ "ከብረት ሌላ ሥራ ጠፋ?" ብለው ሁለት ወር አኩርፈውኛል።

ሄድን። ደብረ ታቦርን ሰው ይንቃታል፣ ጎብኚው ሁሉ ወደ ላሊበላ ሲከንፍ በመስኮት አይቷት ያልፋል፣ ሞኝ ነው። ጠዋት ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንን ተሳለምን፣ ገበያውን ዞርን። አስጎብኚያችን ሐያት የምትባል የከተማው ነጋዴ ልጅ ነበረች፣ ጅዳ አምስት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች፣ ምላሷ ስለት ነው። "የሰው አገር ወለል ስወለውል ኖሬ የራሴን ሳላሳይ ልሙት?" እያለች አሳቀችን።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጋፋት ወጣን፣ ድሮ ንጉሡ መድፍ ያሠሩበት ቦታ ነው። ዛሬ ያለው እርሻና የእግር መንገድ ነው፣ ገብስና ድንች። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከጉና ተራራ በኩል ጉም ወረደና ዋጠን፣ አሥር እርምጃ ቀድማን የነበረችው የሐያት ቀይ ሻሽ እንኳ ጠፋኝ። "ካላችሁበት እንዳትነቃነቁ፣ ገደል አለ!" ብላ ጮኸች።

ያኔ ሰማሁት። ዱክ ዱክ። ዝም። ዱክ ዱክ። ዝም።

ገበሬ አጥር እየተከለ ነው አልኩ ለራሴ፣ ጆሮዬ ግን እምቢ አለኝ። ብረት ሲግል ድምፁ ድፍን ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይጮኻል፣ ይህን እንጀራዬ ስለሆነ አውቀዋለሁ፣ እና እዚያ ጉም ውስጥ የሚመታው የጋለ ብረት ነበር።

"ሐያት፣ እዚህ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው አለ እንዴ?"

"ኧረ ወላሂ ማንም የለም ጋሼ፣ ምን ሰምተው ነው?"

እሷ አልሰማችም። ወደ አባቴ ዞርኩ፣ ቀኝ እጃቸው ከጋቢው ወጥቶ አየር ላይ ቆሟል።

"የአባቴ መዶሻ ነው" አሉ።

"ምን አሉ አባባ?"

"ቀጥቃጭ ነበር፣ ልጄ። ትልቁን መዶሻ የማነሣለት እኔ ነበርኩ። እሱ በትንሿ ሁለቴ ነካ ነካ አድርጎ ቦታውን ያሳየኛል፣ ሦስተኛው ምት የኔ ነው።"

ዕድሜ ልካቸውን የደበቁትን እዚያው ቆመው አወጡት። ልጆች "የቡዳ ልጅ" እያሉ ያባርሯቸው ነበር፣ አንድ ቀን አባታቸው ማረሻ ከእሳት አውጥተው ሁለቴ እንደነኩ አባቴ ትልቁን መዶሻ ጥለው ሮጡ፣ ለቀብር እንኳ አልተመለሱም። ቤታችን ውስጥ ሰው "ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው" ብሎ ሲተርት ለምን ተነሥተው እንደሚወጡ ያኔ ገባኝ።

ድምፁ ግን እየተለወጠ ነበር። መጀመሪያ ድፍን የነበረው እየጠራ፣ እየቀጠነ መጣ። ቃ ቃ። ዝም። ዝምታው ሰው የሚጠብቅ ሰው ዝምታ ነበር፣ ከዚህ ሌላ ልገልጸው አልችልም።

"እየቀዘቀዘበት ነው!" አሉ አባቴ፣ ጎንበስ ብለው አንድ ትልቅ ድንጋይ በሁለት እጃቸው አነሡና ወደ ድምፁ መራመድ ጀመሩ። ጋቢያቸውን ያዝኩ።

"አባባ፣ ይመለሱ!"

"ልቀቀኝ። አንዴ ብቻ ልምታለት።"

አባቴ በሕይወታቸው ለምነውኝ አያውቁም። ያን ቀን ለመኑኝ፣ እኔም ፈራሁ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሁለት እጄ አቅፌ ያዝኳቸው። ቃ ቃ፣ አለ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ልክ እንደ ቀዝቃዛ ብረት፣ ከዚያ አልተደገመም። ጉሙ ሲገለጥ ከእግራቸው ፊት ሁለት እርምጃ ያህል መሬት ቀርቷል፣ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው። ድንጋዩ ከእጃቸው ወድቆ ቁልቁል ተንከባለለ፣ ሲያርፍ ግን አልሰማሁም።

ሐያት እየሮጠች መጥታ "አልሐምዱሊላህ፣ አተረፏቸው!" አለችኝ። ወደ ባህር ዳር ስንመለስ፣ ወረታ ላይ፣ አባቴ "ሁለተኛ ጊዜ ጥዬው ሄድኩ" አሉ።

አሁን ብርሃናቸው ጨርሶ ጠፍቷል። በየእሑዱ ጋፋት ውሰደኝ ይሉኛል፣ እኔም መካኒኩ ልጃቸው "መኪናዋ ተበላሽታለች" እላቸዋለሁ፣ እንደማያምኑኝ አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሳሎን ተቀምጬ ከወለሉ ሥር ሰማሁት። ዱክ ዱክ። ዝም። ድምፁ እንደገና ድፍን ሆኗል፣ አያቴ ብረቱን መልሰው እሳት ውስጥ ከተውታል ማለት ነው።

"ሰማኸው?" አሉ አባቴ ከመኝታ ቤት።

"ምኑን አባባ?" አልኳቸው።

ቀኝ እጄ ግን ከትከሻዬ በላይ ተነሥቶ ነበር፣ በግራዬ ነው የያዝኩት።