ሰማንያ ቀን ከማናለብኝ ጋር

ራዊያ ከሰዓት በኋላ በሚሰጠው የሒሳብ ሞዴል ፈተና አስራ አንደኛው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ቀና ብላ በመስኮት አየች። ከቆቦ በስተምዕራብ ያለው ተራራ ጥቁር ዳመና ወርዶበት ከወገቡ በላይ አይታይም። ቆቦ ላይ ግን ፀሐይ ነው። የክፍሉ ቆርቆሮ በሙቀት ይንጣጣል፤ ከፊቷ የተቀመጠው ልጅ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

ጠዋት አባቷ አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወጣ ዛሬ ደጋው ይዘንባል፣ ጎርፍ አናጣም ብሎ ነበር። ደስ ብሎት ነው ያለው። የራያ ገበሬ ማሽላውን የሚያጠጣው ደጋ ላይ የዘነበውን ጎርፍ ጠልፎ ነው፤ ቆላው ላይ ጠብ ሳይል ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ራዊያ ይህን ከልጅነቷ ጀምራ ታውቃለች። እያወቀች ነው እንግዲህ ማናለብኝን ደረቁ ወንዝ ውስጥ አስራ የመጣችው።

ማናለብኝ ውሻ ነው። ስሙን ያወጡለት ባለቤቱ፣ የእነራዊያ የአጥር ጎረቤት እማማ ጌጤ ናቸው፤ የትኛውን ጎረቤት ለመንካት እንዳወጡት ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ አይናገርም እንጂ። ልጃቸው ወልዲያ ሴት ልጅ ስለተገላገለች፣ የሕፃኗ ክርስትና እስኪደርስ ሰማንያ ቀን አራሷን ሊያርሱ ሄደዋል። የግቢውን ቁልፍ ለራዊያ ሲሰጧት ያስጠነቀቋት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ውሻው ቀን ቀን ከግቢ እንዳይወጣ። ከወጣ ሮቢት ላለው ወንድማቸው እንደሚልኩት ነግረዋታል።

ራዊያ ደግሞ ይህ እንዲሆን አትፈልግም። እነሱ ቤት ድመቷ አልጋ ላይ ሳይቀር ትተኛለች፤ ውሻ ግን የበሩን ደፍ አያልፍም። የእናቷ የወይዘሮ ሀሊሜ ሕግ ነው። ራዊያ የኔ የምትለው ውሻ የሚኖራት ለእነዚህ ሰማንያ ቀናት ብቻ ነው።

ችግሩ የሰኔ ሙቀት ነበር። የማናለብኝ ቤት ዙሪያውን ቆርቆሮ ነው። ለክረምቱ ዝናብ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ቀትር ላይ እጅ አያስነካም፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ አንድም ዛፍ የለም። በስድስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውሻው ምላሱን ጎልጉሎ ሲያለከልክ አገኘችው። ውሃ ስታቀርብለት መነሳት አቃተው። 

መላውን ያመጣችው ጓደኛዋ ብርቱካን ናት። ከሰፈሩ ጀርባ ያለው ወንዝ በጋውን ሙሉ ደርቆ ነው የሚከርመው። ከገደሉ ሥር ትልቅ ቁርቁራ አለ፤ አሸዋው ቀዝቃዛ ነው፣ ነፋስም አይጠፋም። ጠዋት ወስዶ ከዛፉ ሥር ማሰር፣ በተቆረጠ ጀሪካን ውሃ ማስቀመጥ፣ ከትምህርት መልስ ፈትቶ ማምጣት። ለአራት ቀን ነገሩ ሠራ። ማናለብኝ መብላት ጀመረ፤ ራዊያም በራሷ ብልህነት ትንሽ ኮራ ብላ ነበር።

አሁን እጇን አወጣች። መምህር አራጌ ጠጋ ሲሉ በሹክሹክታ ነገረቻቸው፤ ውሻ የሚለውን ቃል የሰሙ ሁለት ልጆች ሳቁ። መምህሩ አልሳቁም። ሰዓታቸውን አይተው ወረቀቷን አዩ።

«ከወጣሽ አትመለሺም፤ የሚታረመው የሠራሽው ብቻ ነው» አሏት።

የሠራችው አሥር ነው፣ ከሃያ። ሒሳብ ደግሞ የምትወደው ትምህርት ነው። ወረቀቷን አስረከበችና ከግቢው እስክትወጣ በእርምጃ፣ ከዚያ በኋላ በሩጫ ሄደች።

ወንዙ ጋ ስትደርስ አሸዋው ገና ደረቅ ነበር። ከላይ በኩል ግን የገበሬዎቹ ድምፅ እየተቀባበለ ይወርዳል፤ «መጣ! መጣ!» ይባባላሉ። ማሳቸው ሊጠጣ ስለሆነ የደስታ ጩኸት ነው። ማናለብኝ ከእሷ በፊት ሰምቷል። ወደ ገደሉ ሊወጣ ሰንሰለቱን ወጥሮ ይጎትታል፤ በመወጠሩ ምክንያት መንጠቆው አልከፈት አላት። ሁለት ጊዜ ሞከረች። ጣቷ ተላጠ። በመጨረሻ አንገቱን አቅፋ ወደ ራሷ ሳበችውና ከአሮጌ ቀበቶ የተሠራውን ማነቂያውን ፈታች። ውሻው ፊቷን ላሳት። ቡናማው ውሃ ገለባ እየገፋ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ደረሰ። ማናለብኝን ከኋላው ገፍታ ገደሉ ላይ አወጣችው፣ እሷም የቁርቁራውን ሥር ይዛ ወጣች። ቆማ ስታይ ጀሪካኑ የለም። ቆየት ብሎ ሰንሰለቱ የታሰረበትም ሥር አልታይ አለ። 

እናቷ በር ላይ አገኟት። ዩኒፎርሟን፣ የተላጠ ጣቷን፣ ፊቷ ላይ የደረቀውን የውሻ ምራቅ አዩ። ከዚያ ውሃና አፈር አቀረቡላትና የውሻ ምራቅ ለነካው ሃይማኖታቸው እንደሚያዘው ሰባት ጊዜ እንድትታጠብ አዘዟት። ራዊያ አራተኛው ላይ ስትደርስ አለቀሰች። ወይዘሮ ሀሊሜ ውሃውን ማፍሰሳቸውን ቀጠሉ፣ ቀስ ብለው ግን።

አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ዝናቡ ቆቦም ደረሰ። የማናለብኝ ቤት ቆርቆሮ ሲንኳኳ ውሻው ደንግጦ አልገባም ስላለ ራዊያ ይዛው ወደ ቤቷ መጣች። ወይዘሮ ሀሊሜ ትንሽ አዩትና አንድ አሮጌ ማዳበሪያ አጥፈው ከራሳቸው በር ውጭ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር አነጠፉለት። ከደፉ ወዲህ እንዳይደርስ ብቻ አሉ።

ብርቱካን ሸማዋን ተከናንባ መጣች። እማማ ጌጤ ማታ ማታ እንደሚደውሉ ታውቃለች፤ የምትለውንም አዘጋጅታ ነው የመጣችው።

«ሰንሰለቱን በጥሶት ነው በያቸው፣ በቃ። አትጨናነቂ። ማን አየ?»

 ከሰማንያው ቀን ስልሳ ዘጠኝ ቀርቶ ነበር። እውነቱን ከተናገረች ራዊያ ያንን ሁሉ ቀን ልታጣው ትችላለች። ስልኩ ጮኸ።

«ማናለብኝ እንዴት ዋለ፣ ልጄ?» አሉ እማማ ጌጤ። ከኋላቸው ሕፃኗ ታለቅሳለች።

«ደህና ነው፣ እማማ። ግን ያሉኝን አልሰማሁም። ከግቢ አውጥቼ ወንዙ ውስጥ አስሬው ነበር፣ ለጥላው ብዬ። ጎርፉ መጣ። እሱን አወጣሁት፣ ሰንሰለቱን ውሃ ወሰደው።»

ብርቱካን በሁለት እጇ ፊቷን ያዘች። 

«ሰንሰለት ከሌለ ታዲያ አሁን በምን አሰርሽው?» አሉ እማማ ጌጤ።

ራዊያ ወደ በሩ ዞር አለች። ማናለብኝ ማዳበሪያው ላይ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን ልክ ደፉ ጋ አድርሶ ተኝቷል። ድመቷ ከውስጥ ሆና ታየዋለች።

«አላሰርኩትም» አለች።